በየቅዳሜው አንድ አገዳ

ዳኛውን መጀመሪያ ያወቅኳቸው በወገባቸው ነው። እንዲህ ስል ልጄ «እማዬ ደግሞ፣ ሰው ምን ይላል!» ብላ ትቆጣኛለች፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት እሳቸው ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር ነው። ጡረታ በወጡ በዓመቱ፣ አንድ ጠዋት ሦስት ሱሪ በክንዳቸው ላይ ደርበው ገቡና «እነዚህ ሱሪዎች ትተውኝ መሄድ ጀምረዋል፤ እባካችሁ አስታርቁን» አሉ። አለቃዬ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ለካኋቸው። መቶ ሁለት። በሁለተኛው ወር ዘጠና ሰባት። ከዚያ ዘጠና ሦስት።

ወገቡ የሚሸሽ ወንድ ስለካ የመጀመሪያዬ አልነበረም። የልጄ አባት ሲታመም ሱሪውን ያጠበብኩለት እኔ ነኝ። «ምንም አይደለም፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይለኝ ነበር። በአንድ ወር አራት ሴንቲ ባጠበብኩ በአራተኛው ወር ቀበርኩት። አለቃዬ «ስጋት» የሚል ስም ያወጣልኝ በከንቱ አይደለም። የስፌት መኪናው ድምፁን ሲቀይር «ሊቃጠል ነው» የምል፣ ልጄ አሥር ደቂቃ ስትዘገይ ሆስፒታል የምደውል ሴት ነኝ።

ስለዚህ ዳኛውን በሦስተኛው ልክ ላይ «ሐኪም አይተዋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አይቻለሁ። ስኳር ነው አለኝ። ተራመድ፣ ዳቦ ቀንስ፣ ድንች ተው አለኝ። ድንች ተው ከሚለኝ ዕድሜ ልክ ቢፈርድብኝ ይሻለኝ ነበር።»

ዘጠና ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ስድስት ወር ሙሉ ዘጠና። እኔም ትንሽ ተነፈስኩ።

ዝናቡ ሊገባ ሲል አንድ ቀን በወረቀት ከረጢት ዝንጅብል የመሰለ ነገር ይዘው መጡ። ጉብጉብ ያለ፣ ጭቃ የለበሰ ሥር ነው። «ኢየሩሳሌም አርቲቾክ ይባላል አለኝ ዘር ሻጩ» አሉ። «አበባው እንደ ሱፍ፣ ሥሩ እንደ ድንች። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ከድንች ይሻላል ብሎኛል። አራተኛ ፎቅ ላይ ግን የት ልትከለው? እርስዎ ቤት አፈር አለ ሲሉ ሰማሁ።»

«ማን ነው ያለው?»

አለቃዬ ወደ መቀሱ አቀረቀረ።

አፈርስ አለኝ። ባሌ የተወልኝ ጠባብ ቤትና ከጀርባዋ አሥር እርምጃ የማይሞላ ጓሮ። እሳቸው ብቻቸውን የሚኖሩበት ሦስት መኝታ ቤት፣ የመጽሐፍ ክፍልና ሊፍት አላቸው፤ የሚቆፍሩት አንድ ጭብጥ አፈር ግን የላቸውም። ይህን ሳስብ ሆዴ ባባ። አፌ ግን ያው የኔ አፍ ነው። «አጥሬን ያፈርስብኝ ይሆናል። ተባይ ይጠራል። ከተስፋፋ በኋላ አልወጣም ቢለኝስ?» አልኩ።

«ኧረ እመቤቴ፣ ተከሳሹ ገና አልበቀለም!» አሉ።

ለካ ከባሌ ወዲህ ወንድ አስቆኝ አያውቅም ነበር።

አሥራ ስምንት ሥር ተከልን፤ በአጥሩ ጥግ፣ አንድ ስንዝር ጥልቀት፣ በመካከሉ አንድ እርምጃ እየተውን። ዳኛው በተወለወለ ጫማ መጥተው በጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገቡ። እኔ ያጠበብኩት ሱሪ ስለሆነ ጉልበቱ ሊቀደድ ነው እያልኩ ልቤ ተንጠለጠለ። ልጄ በመስኮት ሆና «የዳኛው ድንች!» ብላ ስም አወጣችለት፤ እኛ ግን የሱፍ ድንች አልነው።

በቀለ። ወገቤን አለፈ፣ አናቴን አለፈ፣ አጥሩን አለፈ። ቅጠሉ እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል። ነፋስ እንዳይጥለው አገዳዎቹን እርስ በርስ ማሰር ነበረብን፤ ከሱቅ ያመጣሁትን የጨርቅ ጠርዝ ይዘን እሳቸው ከአጥሩ በኩል፣ እኔ ከቤቱ በኩል ቆምን። ጨርቁን በአገዳዎቹ መሃል አሾልክላቸዋለሁ፣ አዙረው ይመልሱልኛል። በአንዱ ዙር ጨርቁ አልተመለሰም። ቀና ስል በቅጠሎቹ መሃል ዓይናቸው ብቻ ይታያል።  «ምነው?» አላልኩም። አንድ እጅ የሚያህል ቢጫ አበባ ከላያችን ነበር፤ ጣታቸው ጣቴን የነካው ጨርቁን ሲመልሱልኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ያን እጄን ውኃ አላስነካሁትም።

ልጃቸው ግን አልወደደኝም። ከሩቅ ከተማ በመኪናው መጥቶ ሱቁ በር ላይ ቆመና «አባቴ ጭቃ በጭቃ ሆኖ የሚመለሰው ከአንቺ ቤት ነው?» አለኝ። በእናቱ ዕድሜ ያለሁ ሴት ነኝ። ሱፍ ልብሱ ጥሩ ተሰፍቷል፤ ትከሻው ላይ ብቻ ትንሽ ይቀረዋል። «ጭቃ በውኃ ይለቃል» ስል መለስኩለት። ሲሄድ ግን፣ አውቄዋለሁ፣ አልኩ በልቤ። ይህ ነገር ዕድሜ የለውም።

አበባው ረገፈ፣ ብርዱ ገባ፣ አገዳው ጠቆረ። ዳኛው አስቀድመው እንዳንነካው ከልክለውኝ ነበር፤ ብርድ ሳይመታው የወጣ ውኃ ውኃ ይላል ብለው። መቼ እንደጀመሩት ባላውቅም በዚያን ጊዜ «አንቺ» ይሉኝ ነበር። «አንድ ደንብ ደግሞ አለው» አሉኝ። «ከአፈር ከወጣ ሳምንት ሳይሞላው ይጨማደዳል። ጎተራው አፈሩ ራሱ ነው። የዛሬን ብቻ ነው የምንቆፍረው።»

በየቅዳሜው አንድ አገዳ። ይህ ነበር ደንባችን። እሳቸው በአካፋ ዙሪያውን ያላሉታል፣ እኔ በእጄ እየዳበስኩ ሥሩን እለቅማለሁ፤ ከአንዱ አገዳ ሥር አንድ ሰሃን ሙሉ ይወጣል። ጉብጉቡ ለመላጥ አይመችም፤ በብሩሽ ፈትጌ ከነልጣጩ እቀቅለውና በቀጭኑ ቆርጬ በሽንኩርትና በዘይት እጠብሰዋለሁ። ጣዕሙ ከድንችና ከለውዝ መሃል ነው፤ መጨረሻ ላይ ይጣፍጣል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስታችንም ጠግበን ዝም ባልንበት አንድ ድምፅ ተሰማ። ከየት እንደመጣ አልናገርም። ልጄ «እማዬ፣ ይሄ ድንች ይናገራል እኮ!» ብላ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ዳኛው መነጽራቸውን አስተካክለው «ምስክሩ ቃሉን ሰጥቷል፤ ይመዝገብለት» አሉ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እየሳቅኩም እቆጥር ነበር። አሥራ ሰባት ቀረ። አሥራ ሰባት ቅዳሜ። ከዚያ በኋላስ በምን ምክንያት ይመጣሉ?

በሰባተኛው ቅዳሜ፣ በልተን ስናበቃ፣ ዳኛው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «አዲስ ሱሪ ስፊልኝ» አሉኝ። «ለአንድ ጉዳይ ያስፈልገኛል።» ሲናገሩ ወደ ሰሃናቸው ያዩ ነበር፤ ጆሮአቸው ቀልቷል።

የሱቁ ሜትር ሱቅ ነው። ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ምስማር ላይ የተሰቀለውን፣ ሙያውን ስማር የገዛሁትን አሮጌውን አወረድኩ። ወገባቸውን አዞርኩበት።

ሰማንያ ስድስት።

እንደገና ለካሁ። ሰማንያ ስድስት። ከሦስት ሳምንት በፊት ሱቅ ውስጥ ዘጠና ነበሩ። አራት ሴንቲ። 

«ስንት ሆንኩ?» አሉ።

«ያው ነው» አልኩ። ድምፄ ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ። ቀና ብለው አዩኝ። አሁን ሳስበው «የምን ጉዳይ ነው?» ብዬ እንድጠይቃቸው እየጠበቁ ነበር። እኔ ግን የማየው ጉንጫቸውን ነበር። ጎድጉዷል ወይስ አልጎደጎደም? ቆዳቸው ቢጫ ነው ወይስ የመስኮቱ ብርሃን ነው? ሲወጡ ከጀርባቸው እያየሁ የባሌን ጀርባ አየሁ።

*

ያን ሳምንት እህል በአፌ አልዞረም። ሁለተኛ ጊዜ አልችለውም፣ እል ነበር ለራሴ። እንደገና በየወሩ ስፌት እያጠበብኩ፣ እንደገና «ምንም አይደለም» እየተባልኩ፣ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ መጠበቅ አልችልም። ሊመጣ ያለውን ከበሩ ላይ ልመልሰው።

ሐሙስ ጠዋት አካፋውን አንሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የቀሩትን አሥራ አንድ አገዳዎች አንድ በአንድ ነቀልኳቸው። ጭቃው እጄን ሰነጠቀው። ሥሩን ሁሉ ጆንያ ውስጥ ከተትኩና ዳኛው ክሊኒክ የሚሄዱበትን ሰዓት ጠብቄ በራቸው ላይ አኖርኩት። አንድ ወረቀትም አያያዝኩበት፦ «የተረፈውን በሙሉ ነቅዬዋለሁ። ከእንግዲህ መድከም አያስፈልግዎትም። ጤና ይስጥልኝ።»

ልጄ ባዶውን ጓሮ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እማዬ! ምን አደረገሽ ሰውዬው?»

«ሊሞት ነው።»

«ማን አለሽ?»

«ወገቡ።»

«በቃ፣ ወገቡ ነገረሽ? እሱንስ ጠየቅሽው?»

«ጠይቄስ? አባትሽን ስጠይቀው እውነቱን ነገረኝ?»

 የአባቷ ስም ሲነሣ ሁለታችንም ዝም እንላለን።

በማግስቱ ዳኛው ወደ ሱቁ ወረዱ። ድምፃቸውን ስሰማ ልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ ገባሁ። ከመጋረጃው ሥር ጫማቸው ይታየኛል። «የለችም?» አሉ። አለቃዬ «አሁን... አሁን ወጣ አለች» አለ። ጫማው አልተነቃነቀም። ጫፉ ወደኔ ነበር። «እንግዲያው ይህን ይስጡልኝ» ብለው ወጡ።

ፖስታ ነው። አልከፈትኩትም። ምን እንደሚል አውቃለሁ ብዬ ነው፤ የሐኪም ቃል ነው፣ የበሽታው ስም ነው፣ ስንት ወር እንደቀረ ነው። በዓይኔ ካላየሁት እውነት አይሆንም እንደማለት፣ ቁልፍ የማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከታች ከተትኩት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳኛው በየጠዋቱ በሱቁ መስኮት ፊት ለፊት ማለፍ ጀመሩ። ድሮ ለእግር ጉዞ የሚወጡት በወዲያኛው በር ነበር። መስታወቱ ጋ ሲደርሱ እርምጃቸው ይዘገያል። እኔ ወደ መርፌዬ አቀረቅራለሁ። ጥላቸው ጨርቄ ላይ ያርፋል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ያልፋል። «ስጋት፣ ቀና ብትይ አንገትሽ አይሰበርም» ይለኛል አለቃዬ። ጥላው ሲያልፍ የሚቀረው ብርሃን ከጥላው የባሰ ይከብደኝ ነበር።

*

ከዚያ ወዲህ በአራተኛው ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሸሚዟን ልትለካ ሱቅ መጣች። ቤት ለክቻት ሱቅ ቆርጬ የሰፋሁት ነው። መጋረጃው ጀርባ ገብታ ቆየች። ከዚያ «እማዬ፣ አይዘጋም!» አለች።

ገብቼ አየሁ። ሁለቱ የቁልፍ ረድፎች አይገናኙም፤ ሦስት አራት ሴንቲ ይቀራል።  ሸሚዜ ጠቦ አያውቅም። «ልጄ» አልኩ በሹክሹክታ፣ «ስንት ወርሽ ነው?»

«የምን ስንት ወር?»

«አትደብቂኝ፣ እናትሽ ነኝ። ማነው እሱ?»

«እማዬ!!»

ከመጋረጃው ውጭ አለቃዬ በአፉ የያዘውን ክር ሊውጥ ደረሰ፤ ሲያስል ሰማሁት። «ስጋት» አለ ሲመለስለት፣ «ልጅቷን ከማስወለድሽ በፊት እስቲ እንደገና ለኪያት።»

በሱቁ ሜትር ለካኋት። ከጻፍኩት አራት ሴንቲ በለጠች። «ቤት በምን ነበር የለካሻት?» አለኝ አለቃዬ። ቤታችን ከሱቁ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚርቀው፤ ልጄ በንዴት ሮጣ አሮጌውን ሜትር አመጣችና ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። አለቃዬ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ሁለቱም ከዜሮ ጀመሩ። ሃያ ላይ ግማሽ ጣት ያህል ተለያዩ። አሮጌው መቶ ሲል አዲሱ መቶ አራት ተኩል ይላል።

«ተለጥጧል» አለ። «ጨርቅ አይደል? ስንት ዓመትሽ ነው ስትጎትቺው። ይሄ ሜትር ሰውን ሁሉ ያከሳል።»

ሁለቱም ያዩኛል። እኔ ጣቴን አሮጌው ሜትር ላይ እያንሸራተትኩ ሰማንያ ስድስትን ፈለግኩ። አገኘሁት። ከጎኑ አዲሱን አየሁ።

ዘጠና።

ቆርቆሮውን ስገለብጠው ቁልፎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ፖስታውን በመቀስ ቀደድኩት። የዳኛው ጽሕፈት ቀጥ ያለ ነው፤ አንድም ስርዝ የለውም።

«ምክንያቱን ሳትነግሪኝ ፈረድሽብኝ። ጥፋቴን ብትነግሪኝ ለማረም ዝግጁ ነኝ። ያ ሱሪ ያስፈለገኝ አንቺን ለማግባት ልጠይቅሽ ስለነበር ነው፤ በአሮጌ ሱሪ መጠየቅ አልፈለግኩም። አሥራ አንድ አገዳ ቀርቶን ነበር። አንቺ ቆጥረሽ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን እቆጥር ነበር፣ ሲያልቅ ምን ሰበብ ፈጥሬ እመጣለሁ እያልኩ። ልጄ ከእሱ ጋር እንድኖር ይፈልጋል። አራት ቅዳሜ እጠብቅሻለሁ። ደረጃውን መውጣት ካቃተሽ በየጠዋቱ በመስኮትሽ ሳልፍ አንዴ ቀና ብለሽ እዪኝ፤ እሱ ይበቃኛል። ካልሆነ ግን በነጋታው እሑድ እሄዳለሁ።»

ልጄ ከትከሻዬ በላይ አብራ ታነብ ነበር። «እማዬ» አለች፣ ቁጣዋ ጠፍቶ፣ «ዛሬ እኮ ነው አራተኛው።»

ስንት ጠዋት አቀርቅሬ እንዳሳለፍኩ ለመቁጠር አቅም አልነበረኝም።

*

ሊፍቱን አልጠበቅኩም። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ከኋላቸው ካርቶኖች ተደርድረዋል፣ መጽሐፎቹ በገመድ ታስረዋል፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል የወረደበት ቦታ ነጭ ነጭ ሆኗል። ጆንያዬ ጥግ ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ሥሮቹ ተጨማድደው እንደ አሮጊት ጣት ሆነዋል። አልበሏቸውም፤ አልጣሏቸውምም።

«ደብዳቤውን ዛሬ ነው ያነበብኩት» አልኩ፣ ደረጃው ትንፋሼን ወስዶት።

«ዛሬ?»

«አልከፈትኩትም ነበር። ሊሞቱ ነው ብዬ...» ሁሉንም ነገርኳቸው። የባሌን ሱሪ፣ ሰማንያ ስድስትን፣ የተለጠጠውን ሜትር፣ የልጄን ሸሚዝ።

ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ጃኬታቸውን ገለጥ አድርገው ቀበቶአቸውን አሳዩኝ። «ይሄ ቀበቶ ዓመት ሙሉ እዚችው ቀዳዳ ላይ ነው። ሰባት ቅዳሜ ሳጎነብስ ስቃና አይተሽኛል። ሱሪዬ ወልቆ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እና ከዓይንሽ ይልቅ ሜትሩን አመንሽ።»

«ክፉውን ስለነገረኝ ነው ያመንኩት» አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ወደ መስኮቱ ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነው የተናገሩት። «ሠላሳ ዓመት ፈርጃለሁ። ቃሉን ሳልሰማው የፈረድኩበት አንድ ሰው የለም፤ ሌባም ቢሆን፣ ነፍሰ ገዳይም ቢሆን። አንቺ ግን ከነነፍሴ ቀበርሽኝ። ዕቃዬን ጠቅልለሽ በሬ ላይ አኖርሽ። በየጠዋቱ እንደ ለማኝ በመስኮትሽ ሳልፍ ቀና ብለሽ አላየሽኝም!»

«ፈርቼ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «አንተ አታውቀውም! የምትወደው ሰው በእጅህ ላይ ሲያልቅ፣ ሱሪውን በየወሩ ስታጠብለት፣ ያጠበብከውን ደግሞ ስታጠብለት፣ መጨረሻ ላይ ጨርቁ ራሱ ሲያልቅብህ አላየህም! አንተ አታውቀውም!»

«አንተ» ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ዞረ። የዓይኑ ቁጣ ረግቦ ነበር፤ በምትኩ የገባው ሐዘን ግን ከቁጣው የባሰ ነው። መጥቶ ካርቶን ላይ ተቀመጠና እኔንም በእጁ ጠቆመኝ። ሁለት ካርቶን ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን፤ ጉልበታችን ሊነካካ ምንም አልቀረው።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ። «አሁን ደህና ነኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

ዓይኔ ሳላዘው ወደ ቀበቶው ቀዳዳ ወረደ። 

«ታምሜያለሁ ብልሽስ?»

«እሱን ወዲያው አምናለሁ።»

ፈገግ አለ፤ እንዲህ ያለ ፈገግታ አይቼ አላውቅም። «እንግዲያው ምን ልበልሽ? ስኳር አለብኝ፣ ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አንድ ቀን መሞቴ አይቀርም። ይህን አልክድሽም። ግን እስከዚያው መኖር እፈልጋለሁ። በየጠዋቱ እንዴት አደርክ ሳይሆን አለህ ወይ ብላ ከምታየኝ ሴት ጋር እንዴት ልኑር?»

«እተዋለሁ። እሞክራለሁ።»

«ባትችዪስ?»

እችላለሁ ማለት ነበረብኝ። የትኛዋም ሴት ትለው ነበር፤ አንዲት ቃል ናት። እሱም የሚጠብቃት እሷኑ ነበር፤ ወደፊት ጎንበስ ብሎ፣ እጆቹን እርስ በርስ ጨብጦ። እኔ ግን እያየሁት ሳለ እንኳ የእጁ ደም ሥር ከወትሮው ወጥቶ እንደሆነ እመረምር ነበር። እያየኝ ነው። የማየውን አይቷል።

«አላውቅም» አልኩ።

እጆቹ ተላቀቁ። «ቤቱን አስረክቤያለሁ» አለ በቀስታ። «ነገ ጠዋት ልጄ ይመጣል።»

ደረጃውን እየወረድኩ ከላይ በሩ ሲዘጋ ለመስማት ጠበቅኩ። አልተዘጋም። እሱ ነው የባሰኝ።

*

እሑድ ጠዋት ልጄ ቀሚሴን አምጥታ አልጋዬ ላይ ወረወረችልኝ። «ሂጂ» አለችኝ። «ምንም ባይለውጥ እንኳ ሂጂ። አባዬን አጠገቡ ሆነሽ እንኳ ሳትሰናበቺው ነው የሄደው፤ ይሄን ደግሞ እንደሱ እንዳታደርጊው።»

ስደርስ መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል። ልጁ መሪው ላይ ነው፤ አየኝና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ዳኛው ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። መስታወቱን አወረደ።

የማስበው ሁሉ ጠፋኝ። መንገድ ላይ ስሮጥ ያዘጋጀሁት ስንት ቃል ነበር። «እወድሃለሁ» አልኩ፤ ልጁ ይስማ፣ አለቃዬ ይስማ፣ ፎቁ ሁሉ ይስማ። «ትላንት አምንሃለሁ ብልህ እዋሽህ ነበር። ስለዚህ ነው ያላልኩት። እንዳልዋሽህ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ለዚህ ነው የምወድሽ።» ትንፋሹን ሳበ። «ለዚህም ነው የምሄደው።»

«አባ፣ እንሂድ፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አለ ልጁ።

እጄ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ነበር። እጁን ከላዩ አኖረው። ሙቅ ነው። ጠንካራ ነው። የጤነኛ ሰው እጅ ነው፤ ያን ጊዜ አመንኩ፣ በሙሉ ልቤ አመንኩ፣ ግን መኪናው ተንቀሳቅሶ ነበር። ሁለት እርምጃ አብሬው ሄድኩ፣ ሦስት ሄድኩ። እጁን እሱ አላነሣውም። መኪናው ነው ያነሣው።

ጥጉን እስኪዞሩ ቆምኩ። ከዞሩም በኋላ ቆምኩ። አንዲት የማላውቃት ሴት የእሑድ ገበያዋን ይዛ ስታልፍ እንባዬን አይታ ቆመች። ዘምቢሏን መሬት አኑራ ትከሻዬን ያዘችኝ። «አይዞሽ እህቴ» አለችኝ፣ «ማን ሞተብሽ?»

«ማንም» አልኳት። «ማንም አልሞተም።»